የተሰረዘው «የለም»

ባለፈው ሳምንት ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሎ አየሁ። ቁልፉ ዝጓል፤ ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ብቻዬን ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው ሲያዩኝ፣ «ሣጥኑን አይቼ ነው» አልኳቸው። ምን ይበሉኝ? ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ ራቅ አሉ።

እንዲህ ያለውን ሣጥን አንድ ጊዜ ፈትቻለሁ። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ቤተሰቤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ሰሚት ሰፈር ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ትምህርት ቤቱ በእኛ ፎቆችና በድሮው የገበሬ መንደር መካከል ነበር። በሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ እኛ፣ ወደ አስፋልቱ የዞረ። እኛ ከደረጃ ወርደን፣ በሩ አጠገብ ትኩስ ፓስቲ ገዝተን፣ ጣታችንን እየላስን እንገባለን። የመንደሩ ልጆች አጥሩን በጀርባ ዞረው፣ በጭቃው መንገድ፣ ባላለቀ ፎቅ ሥር አልፈው ይመጣሉ። ያ ፎቅ የሥራ ፈት ጎረምሶች መዋያ ነበር። እኔ ይህን የማውቀው እንደ ወሬ ነው፤ በዚያ መንገድ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላውቅም።

ጫልቱ በአንድ ዴስክ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ኦቦ ደበላ ከተማው እርሻቸውን ውጦት፣ በቀረቻቸው ቁራጭ መሬት ላይ ባቄላ ይዘራሉ። ጥቅምት ሲመጣ ጫልቱ እሸት በቦርሳዋ ይዛ ትመጣና በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር እየፈለፈልን እንበላለን። እስከ ዛሬ የእሸት ሽታ በአፍንጫዬ ሲገባ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ትዝ ይለኛል። መፍትሔው ግን ትዝ አይለኝም።

በዚያ ጥቅምት ጫልቱ ማርፈድ አበዛች። አንድ ጠዋት የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ፣ ጉልበቷ ተልጦ መጣች። «ወድቄ ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። በሳምንቱ አንገቷን ደፍታ፣ «አባቴ ከትምህርት ሊያስወጣኝ ነው» አለች።

«ምን አድርገሽ?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ? መንገዱ ነው እንጂ።»

ያኔ ተነፈሰችው። ጎረምሶቹ መንገድ ይዘጋሉ፣ ይጎትታሉ፣ እምቢ ያለችውን ይማታሉ። የመንደሩ ሴቶች ልጆች እየተጠባበቁ በቡድን ነው የሚመጡት። ሦስቱ ጭራሽ ትምህርት አቁመዋል።

እንግዲህ ነገሩ የገጠመው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ደህንነትና ጥቃትን ለመከላከል የሚውል ድጎማ ስለመደበ፣ ወረዳው ቅጽ ልኮ ነበር። በር ለማሠራት፣ መብራት ለመትከል፣ ጥበቃ ለመቅጠር። ቅጹ የሴት ተማሪዎች ክበብ ተወካይ ፊርማ ይፈልጋል፤ ተወካይዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ዳይሬክተራችን አቶ መኮንን ቢሯቸው አስጠርተው፣ «ፈርሚ» ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት በተማሪዎች ላይ የደረሱ ጥቃቶች። አጠገቡ በአቶ መኮንን ያማረ ጽሕፈት፦ «የለም»።

«ጋሼ፣ ጥቃት ከሌለማ ድጎማውን ለምን ይሰጡናል?»

«ሰላማዊ ስለሆንን ነዋ!» አሉና በኩራት ወደ መደርደሪያው አመለከቱኝ። «ሰላማዊ ትምህርት ቤት» የሚል ዋንጫ እዚያ ያብረቀርቃል። ዋንጫውን ያገኙት በየሪፖርቱ «የለም» እያሉ ነው፤ ድጎማውም እንደ ዋንጫው ለጎበዝ የሚሰጥ ሽልማት መስሏቸዋል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ገበና መሸፈን ያደጉበት ነው፤ ትምህርት ቤቱን እንደ ቤታቸው ይወዱታል፤ የቤት ገበና ደግሞ አደባባይ አይወጣም።

«ጥቃት አለ፤ የመንደሩ ልጆች...»

«አንድ ተማሪ እንኳ አመልክቶ ያውቃል? ሐሳብ መስጫ ሣጥን ሰቅለናል። ማን አቤት አለ?»

«ሣጥኑ ተከፍቶ ያውቃል?»

«ቁልፉ ከቀድሞው ዳይሬክተር ጋር ሄዷል» አሉ። «ነገ ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ አስበሽ ትፈርሚያለሽ» ብለው አሰናበቱኝ።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ከዘበኛው ከጋሽ ታዬ ካቻቢቴ ለመንኩ። «ለምንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ካቻቢቴውን ሰጥተውኝ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩና፣ «እኔ አላየሁም» አሉ። አራት ብሎን ነው። ክዳኑ ሲወልቅ ወረቀቱ እግሬ ላይ ፈሰሰ። የከረሜላ ልጣጭ አለበት። ለኬሚስትሪ መምህራችን የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ አለበት፤ እሱን አጥፌ መለስኩት። ስለ ሽንት ቤቱ ውኃ የሚያማርር አለበት። የቀረው ግን፣ አብዛኛው፣ ስለ መንገዱ ነበር።

ከመካከሉ አንዱን ጽሕፈት አወቅሁት። «ከጀርባ በር ይከፈትልን። በፎቁ ሥር ማለፍ ፈርተናል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ።» ሌላም፣ ሦስተኛም በዚያው እጅ። የጫልቱ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል እያለን የጀመረችው። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ጫልቱ ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ ለእኔ ያልነገረችኝን ለሣጥን ነግራዋለች። እኔም ከሣጥኑ አልተሻልኩም፤ «ወድቄ ነው» ስትለኝ አመንኩና ተውኩት።

ወረቀቱን በሹራቤ አቅፌ ቢሮ ስገባ ኦቦ ደበላ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ጫልቱ ከኋላቸው። አቶ መኮንን መሸኛ እየጻፉላት ነው። የምትለቅበት ምክንያት በሚለው ላይ «በቤተሰብ ጉዳይ» ብለዋል። ወረቀቱን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«ሣጥኑን ማን ሰበረው?»

«አልተሰበረም ጋሼ። ፈታሁት።»

አንዱን አነበቡ፤ ሌላውን አነሱ። ሦስቱ ወረቀቶች ላይ ሲደርሱ ጫልቱ ከአባቷ ኋላ ወጣች። «የእኔ ናቸው ጋሼ» አለች። «ሦስት ጊዜ ጻፍኩ።»

ኦቦ ደበላ ቀስ ብለው ተናገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልጄ አልደበቀችም። ማነው የደበቀው፣ አቶ መኮንን?»

አቶ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ቅጹን ከመሳቢያ አወጡ። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ወረዳው አይቀበልም» አሉ። «ኃላፊው ካልፈረመበት በስተቀር።» ያንን ያማረ «የለም» በአንድ መስመር ሰረዙት፣ ከላዩ «አለ፤ ዝርዝሩ ተያይዟል» ብለው ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። መሸኛውን ቀደዱት። «በሉ ተቀመጡ» አሉን። «ጫልቱ ትናገር፣ አንቺ ጻፊ፤ ወረዳ ሳይዘጋ ራሴ አደርሰዋለሁ።»

አደረሱትም። ኦቦ ደበላም፣ «በሩ እስኪከፈት እኔ አመላልሳታለሁ» አሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየጠዋቱ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፣ የመንደሩ ሴት ልጆች በሙሉ ከኋላ።

ድጎማው መጣ። ሚያዝያ ላይ የጀርባው አጥር ፈረሰ፤ አረንጓዴ በር፣ የጥበቃ ቤት፣ እስከ መንደሩ የሚዘልቅ መብራት ተተከለ። ጎረምሶቹም መብራትና ጥበቃ ሲያዩ ፎቁን ለቀው ሄዱ። በሩ በተከፈተበት ጠዋት የመንደሩ እናቶች እልልታ ሰፈሩን አናወጠው። መቀርቀሪያውን የሳበችው ጫልቱ ናት። ትምህርት ካቆሙት ከሦስቱ ሁለቱ ደብተራቸውን ይዘው ከኋላዋ ገቡ። እኔም ፓስቲዬን ይዤ፣ አጥሩን ሙሉ ዞሬ፣ ጫማዬን ጭቃ አስበልቼ በዚያው በር ገባሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዋንጫው በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ፤ አቶ መኮንን ባዶው ቦታ ላይ የሣጥኑን አዲስ ቁልፍ አስቀመጡበት። ዛሬ የጫልቱ ልጅ የምትገባው በዚያው በር ነው።

ሰው ዝም ብሎ አያውቅም። ይናገራል፣ ይጽፋል፤ የሚጠፋው ከፍቶ የሚያነብ ነው። እዚያ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ይህን ሳስብ ተራዬ ደርሶ ተጠራሁ። ጉዳዬ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ልወጣ ስል ግን እግሬ እምቢ አለኝ፤ ጉዳዬን ወደጨረሰልኝ ልጅ ተመለስኩና ስለ ሣጥኑ ጠየቅሁት።

«አይ፣ እሱ ዝም ብሎ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ቅሬታ ያለው ሰው የለም።»

«እንግዲያው አለቃህን ጥራልኝ» አልኩትና ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።