በፈጣኑ መስመር የቆሙ ሽማግሌዎች

ፈጣኑ ኢንተርኔት ብቸና የገባው በክረምት ነው። እኔ ያኔ በከተማዋ ካለ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ማለት ቁልፉን የምይዝ፣ አቧራውን የምጠርግ፣ ሰው ሁሉ «ቆመብኝ!» ብሎ የሚጮህብኝ ማለት ነው። ስለ ፈጣኑ መስመር ለዓመታት ሲወራ ሰምተን ላም አለኝ በሰማይ ነው ብለን ትተነው ነበር። አንድ ቀን ሁለት ባለሙያዎች መሰላል ተሸክመው መጡ፣ ግድግዳ በሱ፣ ገመድ ጎተቱ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እኔም ኢሜይሌን ለመክፈት ጠቅ አድርጌ እንደ ልማዴ ገጹ እስኪመጣ ሻይ ቤት ደርሼ ልመለስ ብድግ አልኩ። ቦርሳዬን ሳላነሳ ተከፈተ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ስንት ዓመት ስሰድበው የኖርኩት ነገር ድንገት ጨዋ ሆኖ ሲገኝ የምሰድበው አጣሁ። ኢሜይሌ ውስጥ ደግሞ የረባ ነገር የለም። በዘገምተኛው ዘመን ባዶ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ቢያንስ ተስፋ ነበረው። የሰው ፎቶ ሲላክልን ከግንባር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ አገጩ እስኪደርስ ድረስ ማን እንደሆነ እንከራከር ነበር። ያ ጨዋታ በአንድ ቀን ጠፋ።

የኮሌጁ ዲን መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስክሪኑን ተመለከቱ።

«የፈተና ውጤት ለማየት ነው ይኼ ሁሉ ገመድ?» አሉኝ። «ከዞን እንግዳ ቢመጣ ምን እናሳያለን? በይ፣ ፍጥነቱን የሚመጥን ድረ ገጽ ፈልጊ።»

ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የመስመሩን ፍጥነት የሚለካ ገጽ ነበር። እንደ መኪና ያለ መርፌ አለው፤ ሲጫኑት እየተንቀጠቀጠ ሽቅብ ይወጣል። መምህራኑ ይህን ካዩ በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጡ እንደ ደም ግፊት ያስለኩ ጀመር። «ዛሬ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው» እላቸዋለሁ፤ እግዜር ይመስገን ብለው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ፍጥነት ፍጥነቱን በማወቅ ብቻ ያልቅ ነበር።

ቀጥሎ በሩቅ አገር ያለ ሙዚየም ውስጥ ማውስ ይዘው እየተዘዋወሩ የሚጎበኙበት ገጽ አገኘሁ። ዲኑ በክብር ገቡ። ከሐውልት ወደ ሐውልት፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲሉ ቆይተው መውጫው ጠፋቸው። ላብ በላብ ሆነው ጠሩኝ።

«በሩ የት ነው?»

«ገጹን ይዝጉት፣ በቃ።»

«እንዲሁ? ዘበኛው ሳያየኝ?» አሉና እያቅማሙ ዘጉት። ከዚያ በኋላ ተመልሰው አልገቡም።

የኮሌጁ ጥበቃ የወደዱት ደግሞ አንድ ወደብ ላይ የተተከለ ካሜራ ነበር። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን አንዲት ቀይ መርከብ ለምን ጭነቷን አራግፋ እንዳልጨረሰች ያሳስባቸው ጀመር። «ሰነፎች ናቸው፣ እስካሁን አላራገፏትም» እያሉ ያማርራሉ። መርከቧ የሄደች ዕለት ቀኑን ሙሉ ከፍቷቸው ዋሉ።

የእኔን ሕይወት የነካው ግን ከሰማይ የተነሳው የምድር ካርታ ነው። የሒሳብ መምህሩ የአባቱን ቤት ጣራ ሊፈልግ መጣ። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ነው። የአባቱን ቤት ቶሎ አገኘው፤ አልተነሳም። «ያንቺስ ቤት?» አለኝ። ሞጣ ነው አልኩት። በቀጥታ ስሟን ጽፎ መሄድ ሲችል ማውሱን ይዞ መንገዱን ተከትሎ ጉዞ ጀመረ፤ ደብረ ወርቅን አለፍን፣ በየመታጠፊያው እየቆመ ይኼ ምንድን ነው ይኼስ ይለኛል። ሞጣ ስንገባ መሽቶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ያ ሰው በፈጣን መስመር ላይ በተግባር አሳየኝ፤ እኔም ወደድኩት። ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው፣ በጣም ወደድኩት።

ሽማግሌ ሞጣ ላከ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔንና ወንድሜን ብቻውን ነው ያሳደገን። ወንድሜ አግብቶ ወጥቷል። በመጀመሪያው ጊዜ አባቴ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ሸኛቸው። በሁለተኛው «ልጅቷን ልጠይቅ» አለ፤ አልጠየቀኝም። ለሦስተኛው ቀን ቆረጠ፤ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ባለው እሑድ እሺ ወይም እንቢ እላለሁ፣ ከቀሩ ግን ሌላ ቀን የለኝም አለ። በሚቀጥለው እሑድ የሌላ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ወንድሜ በስልክ ሹክ አለኝ። ያንን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ሰላም ሲልሽ እንኳ እጅሽን እንደ ጨርቅ እያገላበጠ የሚያይ ነው።

እሑዱ ሲቃረብ ዝናቡ አላባራ አለ፤ ከደብረ ወርቅ ማዶ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። መኪና አያልፍም፣ በቅሎም አያልፍም ተባለ። ወንድሜ «በስልክ ይጠይቁህ» ቢለው አባቴ ተቆጣ። «ፊቱን ያላየሁትን ሰው ሽማግሌ አልለውም። ልጅ በስልክ አይጠየቅም» አለ።

ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩና ጠዋት ኮምፒውተር ክፍሌ ገብቼ ቁጭ ስል በራሴ ሳቅሁ። ለፍጥነቱ የሚሆን ድረ ገጽ ሳስስ ከርሜ፣ ሰው ከሰው ፊት ለፊት እያየ የሚነጋገርበትን ገጽ የሥራ ፈት ጓደኛሞች መቀላለጃ ነው ብዬ ንቄው ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ወንድሜ ሞጣ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ያው ፈጣን መስመር ገብቶለት ስለነበር ከእሱ ጋር ሞከርነው። ፊቱ ብቻ ሳይሆን የሸሚዙ የወደቀ ቁልፍ ሳይቀር ታየኝ። ነገርኩት። ሚስቱ ከጎኑ ኖራ «ከብቸና ድረስ ቤቴን ትፈትሻለች እንዴ?» አለች። አባቴም ፊት ካየሁ እሺ አለ።

የቀረው የሽማግሌዎቹን አለቃ ማሳመን ነበር። እሳቸው የሒሳብ መምህሩ ሰፈር መሪጌታ ናቸው፤ ነገር ሲያስረዝሙ የሚያስገርሙ፣ ሲያሳጥሩ የሚያስደነግጡ አዛውንት። ሐሳቡን ስነግራቸው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«እንግዲህ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አሉ።

«እርጉዝ አይደለሁም!» አልኩ ሳላስበው። ከት ብለው ሳቁና እንደሚመጡ ቃል ሰጡኝ።

እሑድ መሪጌታና ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ጭቃውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። ወንበር አላቀረብኩላቸውም፤ ጋጠወጥ ሆኜ አይደለም። የልጅቷ አባት የመጨረሻ ቃሉን በሚሰጥበት ቀን ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይጠይቃል። አባትየው «ተቀመጡ» ካለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው፤ ካላለ ጭራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ስክሪኑን በወረቀት ካርቶን ላይ ቆልዬ ካሜራውን በቆመ ሰው ቁመት አስተካከልኩት። ወንበሮቹን ከኋላቸው ደረደርኩ፤ ተስፋ አይከለከልም።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። በሽምግልና ላይ ልጅቷ ጭራሽ መታየት የለባትም፤ ደግሞ ማሽኑ ቢያስቸግር ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ከካሜራው የሚያመልጥ ቦታ ብፈልግ የጠረጴዛው ሥር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዲግሪዬን ይዤ እዚያ ገባሁ። የሒሳብ መምህሩም መታየት የለበትምና በር ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

የአባቴ ድምፅ መጣ። ሰላምታው ረዘመ፤ ዝናቡ ተጠየቀ፣ ከብቱ ተጠየቀ፣ ናዳው ተረገመ። ከዚያ መሪጌታ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። አሳመሩት። ከአዳም ጎድን ጀምረው በቃና ሰርግ አሳልፈው የሒሳብ መምህሩ ደጃፍ ላይ አደረሱትና «ምን ይላሉ?» ብለው አቆሙ።

አባቴ ዝም አለ።

ዝም ማለቱስ ደንብ ነው። ልጁን ቶሎ እሺ ያለ አባት ሊገላገላት የፈለገ ይመስላል። ፊት ለፊት ቢሆን መሪጌታ ይህን ዝምታ እስከ ማታ ድረስ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ነገር ግን የብቸና ሰው በዘገምተኛው መስመር አንድ ነገር ተምሯል፤ ስክሪን ላይ ያለ ፊት ቀጥ ካለ መስመሩ ሞቷል። መስመሩ ከሞተ ደግሞ ሰውዬው እስኪመለስ ድረስ እሱን ማማት ይቻላል።

«ቆመ መሰለኝ» አለ ከበሩ የሒሳብ መምህሩ።

«ቆሟል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ጠጋ ብለው አይተው። «ዓይኑም አይርገበገብም።»

«እፎይ!» አሉ መሪጌታ። «እግሬ እንዴት ዛለ! ይኼ ሰውዬስ ሦስት ጊዜ ሲያቆመን ልቡ ደንጊያ ነው ልበል? ሚስቱ ከሞተች ወዲያ ልጂቱን እንደ ጣቃ ጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጣት ነው እንዴ?»

ጠረጴዛው ሥር ደሜ ፈላ። የሰው አባት ሲሰደብ ዝም ማለት ይቻል ይሆናል፤ የራስን አይቻልም።

«ደንጊያስ አይደለም!» አልኩ ከታች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እስክመጣ ምሳውን ሳይነካ የሚጠብቀኝ ሰው ነው። ብቻውን መብላት አይሆንለትም። እሷ ስትሄድ ማን አብሮኝ ይቆርሳል ብሎ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም! እኔም እሱን እያሰብኩ ነው አፌን ከፍቼ እፈልገዋለሁ ያላልኩት።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ትፈልጊዋለሽ እንዴ ታዲያ?»

«ባልፈልገውማ እዚህ አቧራ ውስጥ ምን ዶለኝ?»

በር ላይ የሒሳብ መምህሩ ጃንጥላ ከእጁ ወደቀ።

መስመሩን ላስነሳ ብዬ እየተናደድኩ ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁ። ጸጉሬ ላይ ድር ነበረብኝ። ፊቴን ስክሪኑ ላይ ደቅኜ ምን እንደተበላሸ መፈለግ ጀመርኩ። የተበላሸ ነገር የለም። መስመሩ ሙሉ ነው። ወንድሜ ከአባቴ ጎን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አባቴ ቀጥ ብሎ ያየኛል። ከዚያ ከዓይኑ አንዲት እንባ ወጣች፣ ጉንጩን ይዛ ወረደች፣ ጢሙ ውስጥ ገባች። አንድም ጊዜ ሳትቆራረጥ።

ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«መጣ እንዴ?» አሉ መሪጌታ ከኋላዬ።

«አልሄደም ነበር መሪጌታ» አልኩ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ በልቤ አለቀ ብያለሁ። በስድብና በልጅቷ ከጠረጴዛ ሥር መጮህ የተጠናቀቀ ሽምግልና ማን ያከብራል? የነጋዴው ልጅ እጄን እያገላበጠ ሲያየኝ ታየኝ።

አባቴ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መሪጌታ» አለ።

«አቤት ጌታዬ።»

«እግርዎ ዝሏል አሉ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አለ አባቴ።

ከዚያ ሦስቱም ሽማግሌዎች ሐሳቡን እንዳይቀይር የፈሩ ይመስል እኩል ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ፤ ካሜራው የተስተካከለው በቆመ ሰው ቁመት ነበርና ሦስቱም ከአባቴ ዓይን ጠፉ። በስክሪኑ ላይ እሱና እኔ ብቻ ቀረን። መሪጌታ ከታች በረጅሙ ይመርቃሉ፤ የሒሳብ መምህሩ በር ላይ ይገባ ይውጣ ጨንቆታል። አባቴ ማንንም አልሰማም። ፊቴን አየ፣ ጸጉሬ ላይ ያለውን ድር አየ።

«ከስተሻል» አለኝ።

«አልከሳሁም አባዬ።»

«መንገዱ ሲከፈት ትመጫለሽ?»

«እንመጣለን» አልኩት። «ምሳ እንዳትበላ፣ ጠብቀን።»