ንብ በሎቹ የገቡበት ጉብታ

የምሠራው አሶሳ ውስጥ ባለ መናፈሻ ነው። ዋንዛው፣ ባምባውና ሽመሉ የተተከለው የአካባቢው ወፍና ቢራቢሮ መኖሪያ እንዲያገኝ ተብሎ ነው፤ እውነትም መጥተዋል። እኔ ችግኝ ማፍያው ጋ አፈር ቆፍሬ፣ ነፍቼ፣ የችግኝ ፕላስቲክ እሞላለሁ።

ጥር ላይ መንጌ ወረዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። እናታችን ስለሌለች አጠገቧ እንደምሆን ቃል ገብቼላታለሁ። ኃላፊያችንን ፈቃድ ስጠይቀው፣ «ፕላስቲኮቹን ሞልተሽ ጨርሺና ሂጂ» አለኝ። ለምን እንደምሄድ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

አፈር የምቆፍርበት ጉብታ ከመናፈሻው ጀርባ ነው። ዓመት ሙሉ ከአንድ በኩል ስቆርሰው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ሁለት ወር ያህል ሳልቆፍርበት ቆይቼ ሰኞ ጠዋት ዶማዬን ይዤ ስደርስ ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አየሁ። ጉሮሮዋ ቀይ የሆነ ንብ በል ወፍ ተርብ በአፏ ይዛ አንዱ ውስጥ ገባች። ጆሮዬን ሳስጠጋ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ግድግዳውን ያበጀሁላቸው እኔ ነበርኩ።

ልናገር ብዬ እስከ ኃላፊው ቢሮ በር ሄድኩ። ውስጥ እንግዶች ነበሩ። ሰው ባለበት አፌ አይፈታም፤ ተመለስኩ። ከዚያ አፈሩን ከወንዙ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት እየተሸከምኩ ማምጣት ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ተመላልሼ የምሞላው ፕላስቲክ ከጉብታው ቢሆን የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

እህቴ በምሳ ሰዓት ደወለች።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ነገ፣ ወይ ከነገ ወዲያ።»

«ትናንትም ነገ ነው ያልሽው። እንግዲህ ልጁ ራሱ አድጎ፣ በእግሩ ሄዶ መኪና ተራ ይቀበልሽ።»

እሷ ሳቀች።

ረቡዕ ኃላፊው አንድ የቀን ሠራተኛ አስከትሎ መጣ።

«እንዲህ እየተንቀረፈፍሽ መቼ ልትሄጂ ነው? በይ፣ እሱ ይቆፍር፣ አንቺ ሙዪ። ነገ መንገድ ትገቢያለሽ።»

ሠራተኛው ወደ ጉብታው ሄዶ ዶማውን አነሳ። ዝም ብል በማግስቱ እህቴ ጋ ነኝ።

«ጋሼ፣ ውስጡ ጫጩት አለ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዎቹን አየ።

«ይቺን ለመናገር ነው ሦስት ቀን አፈር የተሸከምሽው?»

«ምላሷ ከአፈሩ ከብዷት ነዋ» አለ ሠራተኛው።

ኃላፊው ግን ደስ ብሎት ነበር። ዙሪያውን ገመድ ይታሰር፣ ጎብኚ ከሩቅ ይመልከት አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገራቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። በርረው እስኪወጡ አንቺው ጠብቂልኝ። ፈቃዱ የትም አይሄድም፣ ትደርሺበታለሽ።»

እህቴ ልትወልድ ነው ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

ዓርብ ዕለት የእህቴ ጎረቤት ደውላ፣ እህቴ በሰላም መገላገሏን ነግራኝ የሕፃኑን የለቅሶ ድምፅ አሰማችኝ። ገመዱ ጋ ቆሜ ነበር። ሁለት ጎብኚዎች ፎቶ ሊያነሱ ሲጠጉ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ በሌላ እጄ እንዲመለሱ ምልክት ሰጠኋቸው።