ባየህና የሚስቱ አሪቲ

በቁሐር ሚካኤል ባየህን ስለ ውሃ የሚጠይቅ ሰው ሥራ ፈትቶ መምጣት አለበት። ሩዝ ወደ ቀበሌው ሲገባ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜው ያለቀው ማሳው ላይ ውሃ ሲከትር ነው። የቱ ጋ ድንበሩን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የቱ ጋ እንደሚያፈስ እግሩ ራሱ ያውቀዋል። ጓሮውን ግን ነክቶት አያውቅም። ጓሮው የሚስቱ የውባንቺ ነው።

ከጓሮዋ ሁሉ የምትሳሳው ለአሪቲዋ ነበር። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከማይለየው ግድግዳ ሥር፣ የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛበት አፈር ቆልላ፣ ጉብታ ላይ ተክላዋለች። ብርማ ቅጠሉ በጋ ክረምት አይረግፍም። ዋልካው ሜዳ በበጋ ሲሰነጣጠቅ እንኳ እሱ ያለ ጠብታ ውሃ እየሸተተ ቁጭ ነው። ለሚካኤል ዕለት የመንደሩ ሴት ሁሉ ከእሱ ቀንጥሳ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው።

ባለፈው ኅዳር፣ በሩዝ አጨዳው መሐል፣ ውባንቺ ታመመች። ባሕር ዳር ድረስ ወሰዳት። ሐኪሞቹ ሆዷን አይተው እርስ በርስ ተነጋገሩና፣ “ወስደህ ቤቷ አስታምማት” አሉት። ባየህ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠፋውም። ልጃቸው እየሩስ ከይፋግ መጥታ ታጥባት፣ ታበላት ጀመር። ወንድ በዚህ ጊዜ ምን ይሠራል? በር ላይ ይቀመጣል። ጠያቂ ሲመጣ ይነሣል፣ ጠያቂው ሲሄድ ይቀመጣል።

ውባንቺን የእህል ሽታ ያቅለሸልሻታል። አንድ ቅንጣቢ አሪቲ ከአፍንጫዋ ሥር ሲያደርጉላት ብቻ ሁለት ሦስት ጉርሻ ትውጣለች። አንድ ቀን ታዲያ፣ “ባየህ፣ አሪቲዬን አደራ” አለችው።

አደራ! በስንት ጊዜው ሥራ አገኘ።

በማግስቱ ጓሮ ገብቶ አፈሩን ጫር ቢያደርገው ደረቅ ነው። “ኧረ ይኸ በውሃ ጥም ሞቷል!” ብሎ ደነገጠ። ሚስቱ የቆለለችው ጉብታም ውሃ እንደማይዝ አየና የሴት ስህተት መሰለው። በአካፋ ናደው፤ እንደ ሩዝ ማሳ ዙሪያውን ድንበር አበጀለትና ሁለት ጀሪካን ውሃ ደፋበት። ከዚያ በኋላማ በየማለዳው ሆነ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይኸው ነው፤ እሱ ግን ከልቡ ነበር የሚስመው።

በታኅሣሥ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ባየህ ውሃውን ሦስት ጀሪካን አደረሰው። ግንዱ ከሥር መጥቆር ሲጀምር አራት አደረገው። ከጉድጓድ ሲቀዳ ወገቡ ሊቆረጥ ይደርሳል፤ ቢሆንም ያን ሰዓት ይናፍቀው ነበር። ቤት ውስጥ ውባንቺ በየቀኑ ትከሳለች፤ ለእሷ የሚቀዳላት ነገር የለም።

በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ሐና ሊጠይቁ መጡ። በጓሮው በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ።

“ባየህ፣ ይኸ ምንድን ነው?”

“አሪቲው ነዋ እማሆይ። ባጠጣው ባጠጣው አልጠግብ አለኝ።”

እማሆይ አንዱን ግንድ በሁለት ጣታቸው ሳብ አደረጉት። ወዲያው ተነቅሎ መጣ፤ ሥሩ በስብሶ ይሸታል።

“አይ ባየህ! አሪቲ እኮ ሩዝ አይደለም። ውሃ ነው የገደለው። ዝም ብትለው ምንም አይሆን ነበር።”

“ሌላ ብተክልስ?”

“ይይዛል። ግን ለመቀንጠስ እስኪደርስ ክረምቱ ይወጣል።”

ሁለቱም ወደ ቤቱ አዩ። ውባንቺ ክረምቱን እንደማታየው ሁለቱም ያውቃሉ።

በገበያው ቀን ባየህ ወረታ ሄደ። አሪቲ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ አንድ በአንድ እያሸተተ የሚስቱን የሚመስለውን እስር መረጠ፤ እንዳይጠወልግም በጋቢው ሸፍኖ በባጃጅ ይዞት ተመለሰ። ሊዋሻት ነበር ሐሳቡ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳር ዋሽቷት ስለማያውቅ የሚላትን መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ መጣ።

“ከጓሮ ቀንጥሼ ነው። እስቲ አሽትችው” አላት።

ውባንቺ አሸተተችና ፈገግ አለች። “የገበያ ነው።”

ባየህ አቀረቀረ። “ገደልኩት ውባንቺ። በውሃ ገደልኩት። አደራሽን በላሁ።”

“አውቃለሁ።”

“ማን ነገረሽ?”

“ማን ይነግረኛል? ግድግዳው እዚሁ ከራስጌዬ አይደል? በየማለዳው ስትደፋበት እሰማ ነበር።”

ባየህ ቀና አለ። “ታዲያ ምነው ‘ተው’ ሳትይኝ? አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር እኮ!”

“ብልህስ ኖሮ ምን ልትሠራ ነው? እጅህን አጣምረህ እኔን ስታይ ልትውል? ውሃ ስትቀዳ ስትመለስ ቀለል ይልህ ነበር። ያሳዝነኛል አሪቲው፤ ግን ከእሱ አንተ ትብስብኛለህ።”

ባየህ ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደና ተመለሰ። የለበሰችውን ጋቢ አስተካከለላት፤ መጀመሪያውንም የተስተካከለ ነበር። በመጨረሻ ከጎኗ ቁጭ አለና እጇን ያዘ። ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረም።