የእርሾ ዘይት ስብሰባ ላይ የቀረበው ሳምቡሳ

«እንዲህ የሚጣፍጠው በምን ዘይት ብትጠብሺው ነው?» አሉኝ ዛሬ ስብሰባ ላይ ገለጻ ያደረጉት ባለሙያ፣ አምስተኛ ሳምቡሳቸውን እየገመጡ።

ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነን። ለሻይ ሰዓት ሳምቡሳ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው ደግሞ የፓልም ዘይትን ስለመተካት ነው፤ ያንኑ ሾላ ገበያ «የሚረጋው» እያልን የምንገዛውን።

እኚሁ ሰውዬ ለፓልም ሲባል የሚጨፈጨፈውን ደን በፎቶ እያሳዩ ዘይቱን ሲረግሙት ነው ያረፈዱት።

መፍትሔው እርሾ ነው አሉ። ትልቅ ታንከር ውስጥ ስኳር እየበላ፣ እየተብላላ ዘይት ይሠራል። (የእኔ እርሾ እስከዛሬ ሊጥ ብቻ ሲያቦካ የከረመው ለካ ሰንፎ ኖሯል!)

ናሙናም ይዘው መጥተዋል፤ የዓይን ጠብታ በምታክል ብልቃጥ። ተቆጥቦ ከተያዘ የአንድ ሳምቡሳ አንድ ጎን ይጠብሳል።

እና ሲጠይቁኝ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ቀጣዩን የሳምቡሳ ትእዛዝ የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አፌ ቀደመኝ።

«በሚረጋው» አልኳቸው።

«በሚረገመው?»

«አዎ፣ እሱኑ።»

ሳምቡሳውን አዩት። እኔን አዩኝ። ብልቃጧን ኪሳቸው ከተቱና ስድስተኛውን አነሱ።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፦ ጠዋት ስታወግዙት አርፍዳችሁ በሻይ ሰዓት ያጣጣማችሁት ምንድነው?