እስከ ቀዩ ጨርቅ

ባሌን ወደቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ዳክዬ» ነው የሚለው። ሥራው ውሃ ውስጥ ነው። የአየር ሲሊንደሩን ጀርባው ላይ አዝሎ ይጠልቅና የመርከብ ሆድ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል ይፍቃል፣ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ መረብ ይቆርጣል፣ ሰው የጣለውን መልህቅ ፈልጎ ያወጣል። ይሄን ሁሉ ከጨለማ ውስጥ የሚያወጣ ሰው ቤት ውስጥ የራሱን ካልሲ ፈልጎ አያገኝም።

እኔን ግን ግራ ሲያጋባኝ የኖረው ካልሲው አይደለም። ብቻውን ሲሆን ምን ያህል ነው የሚጠልቀው? ሚስቱ ሆኜ፣ ልጅ ወልጄለት፣ ይቺን አንድ ነገር በቅጡ አላውቃትም ነበር።

በፊት ብቻውን አልነበረም። በዕድሜ የሚበልጠው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው የሥራ ጓደኛ ነበረው። አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ፤ የአንዱ አየር ቢቋረጥ ሌላው ያካፍለዋል። ኋላ የጋሼ ጆሮ ታመመና ሐኪም ከውሃ ከለከለው። ባሌ ሌላ ጓደኛ ፈለገ፣ አላገኘም። ስለዚህ ሥራ ባለ ቀን እኔ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ልጃችንን ለባሌ እናት ሰጥቼ፣ ጀልባው ላይ እወጣለሁ። ወገቡ ላይ የሚታሰረውን ገመድ የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ አንዴ ከሳበ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። እኔ ሦስቴ ከሳብኩ «ውጣ» ማለት ነው።

እንግዲህ ይሄ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። እናቱን «እማ፣ እስከ ወገቤ ነው» ይላታል።

«ታዲያ ፀጉርህ ለምንድን ነው ረጥቦ የሚመጣው?» ትለዋለች።

ሥራ እያመጣ በጀልባው ለሚወስደን ባለጀልባ «ሥራው እስካለበት» ይለዋል። ጋሼ ሲጠይቀው ጫማውን ያያል። ለእኔ ደግሞ «እንደ ውሃው ነው» ይለኛል።

«እንደ ውሃው ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጥርት ብሎ፣ ቀና ስል የጀልባዋ ሆድ ከታየኝ ሳሎናችን ውስጥ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ከደፈረሰ ግን አምስት ሜትርም ይከብደኛል።»

«እሺ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር አይደለም እኮ ነው የምልሽ!»

አንድ ቀን ግን ለሰው የሚገባ ነገር ተናገረ። «አየሬ ድንገት ቢቋረጥ፣ ሳንባዬ ውስጥ በቀረው ብቻ ወደ ላይ ልደርስ እስከምችልበት ድረስ ነው የምሄደው» አለ። እሰይ አልኩ። ይሄማ የሚለካ ነገር ነው። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና «በል ትንፋሽህን ያዝ» ብዬ ሰዓቴን አወጣሁ። ልጃችን አባቷ ጉንጩን ነፍቶ ቁጭ ሲል ጨዋታ መሰላት። በሁለት እጇ ጉንጮቹን ጧ! ሳቁ ፈነዳ። ደገምን፤ እሷም ደገመችው።

«ታች ማንም አይመታኝም» አለ እንባውን እየጠረገ።

«ታች ደግሞ አልጋ የለም።»

«ለነገሩ ሲወጣ ትንፋሽ አይያዝም። ቀስ እየተባለ፣ እየተለቀቀ ነው የሚወጣው። የያዘ ሰው ሳንባው ይጎዳል።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስንለካ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ያዝ አልሽኝ፣ ያዝኩ!»

ከዚህ ሰው ጋር በወሬ እንደማልዘልቅ ሲገባኝ ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጦ ነበር። ጆሮው ላይ ጮኼ ነገርኩት። «ብቻውን ከሆነ አሥራ አምስት፤ ከዚያ ወዲያ የሱ ሳይሆን የውሃው ነው» አለኝ፣ እሱም እየጮኸ። ባሌ አልተከራከረም። ማታውኑ ገመዱን አሥራ አምስት ሜትር ላይ ለካሁና፣ ለልጃችን ከጠበባት ቀይ ሸሚዝ ቆርጬ ሰፋሁበት። ስምምነታችንም ይሄ ሆነ፤ ቀዩ ጨርቅ የጀልባውን ጠርዝ ካለፈ ሦስቴ እስባለሁ፤ እሱም ያለ ክርክር ይወጣል።

ጨርቁ ጠርዙ ጋ ደርሶ አያውቅም ነበር፤ የሞተሩ ቀን እስኪመጣ ድረስ።

የአንድ ዓሣ አጥማጅ የጀልባ ሞተር ተነቅሎ ውሃ ገብቶ ነበር። ባለጀልባው «ቅርብ ነው፣ ውሃው ስር ያለው ዳገት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ዳክዬ ዐይኑን ጨፍኖ ያመጣዋል» አለን። ባሌ ወረደ። ገመዱ በእጄ ውስጥ እየተንሸራተተ ሄደ። አንዴ ተሳበ። ደህና ነው። ገመዱ ግን መሄዱን አላቆመም። ከዚያ ቀዩ ጨርቅ ከእግሬ ስር ከተጠቀለለው ወጥቶ፣ በጣቶቼ መሃል አልፎ፣ ጠርዙን ተሻግሮ ውሃ ውስጥ ገባ።

 የሚወጡትን የአየር አረፋዎች ፈለግኩ። ከኛ ርቀው፣ እዚያ ማዶ ነው የሚፈሉት። ምኑም አልገባኝም። ወደ ታች ነው የሄደው ወይስ ወደ ጎን?

«ኧረ ተይው እህቴ» አለ ባለጀልባው። «ሊያገኘው ነው። አሁን ብትስቢው ነገ እንደገና ልንመጣ ነው።»

«ጨርቁ አልፏል።»

«ጨርቅ ምን ያውቃል!»

ሦስቴ ሳብኩ። መልስ የለም። ደግሜ ሳብኩ።  ከዚያ አንዴ ተሳበና ገመዱ ቀስ በቀስ ላላ። ለመውጣት የፈጀበት ጊዜ እኔን አስረጀኝ።

ጭንቅላቱ ብቅ እንዳለ አፉ ላይ ያለውን ተፋና ጮኸ። «ምን ሆነሽ ነው? አሥራ ሁለት ላይ ነበርኩ እኮ!»

«ገመዱ አሥራ አምስትን አልፏል።»

«ከስር ያለው ውሃ እየገፋኝ ገመዱ ተንጋዶ ነው! ይኸው እዪው!» ጥልቀት የሚለካውን ሰዓቱን ዐይኔ ላይ ደገነው። የደረሰበት ትልቁ ጥልቀት አሥራ ሁለት ይላል። ባለጀልባው ሳቁን አፈነ። እኔ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ግን የለካሁት በገዛ እጄ ነው። ሰዓቱ ዋሸ እንዳልል ሰዓት ነው፣ ገመዱ ዋሸ እንዳልል የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስገባ የስፌት ሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይዤ ቀጥ አድርጌ ወደ መሬት ለቀቅኩት። ቀጥሎ ወደ ወንበሩ እግር አንጋድጄ ሳብኩት። መሬቱ ያው መሬት ነው፣ ሜትሩ ግን ረዘመ። ባሌ እውነቱን ነበር። ትንሽ አፈርኩ። ግን አሁንም በጣቴ እየያዝኩ ብሞክር ብሞክር፣ ገመዱ ከጥልቀቱ የሚያጥርበት መንገድ አጣሁ። ሳያስፈልግ ሊያስደነግጠኝ ይችላል እንጂ፣ ሰውዬው ርቆ ሳለ «ቅርብ ነው» ብሎ ሊያታልለኝ አይችልም። ይቺ ነገር ደስ አለችኝ።

ባሌ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ንዴቱ ለቆታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «አሥራ ሁለት ላይ መሆንህን ካወቅክ፣ ገመዱ መንጋደዱን ካወቅክ፣ ስስብህ ለምን ወጣህ? መጀመሪያ ላይ ዝም ብለኸኝ ነበር።»

 ልጃችንን አንስቶ ታቀፈ።

«ሞተሩ ይታየኝ ነበር» አለ። «ከዳገቱ ወርዶ፣ በጣም ታች። ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። ውሃው ሲጠራ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል። ትንሽ ልውረድ፣ ደግሞ ትንሽ ልውረድ እያልኩ ነበር። እንደ ቤቴ ነበር የተመቸኝ።»

«ልትወርድ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«አላውቅም አልኩሽ እኮ! ስትስቢኝ ተናደድኩ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ደግሞ እፎይ አልኩ። የትኛው እንደሆንኩ እኔም አልገባኝም።»

እኔም አልገባኝም። ስንት ጊዜ ስጠይቀው የነበረውን ነገር፣ ለካ እሱም ታች ቆሞ ራሱን ሲጠይቅ ነው የሚውለው። የደበቀኝ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ባለጀልባው ሲመጣ ባሌ «ሁለተኛ ጠላቂ ካላመጣህ ያንን ሞተር አልነካም» አለው። ባለጀልባው አጉረመረመ፣ ተሳደበ፣ ዳክዬ ውሃ ፈራ ብሎ ወደቡን አዳረሰ። በመጨረሻ ግን ከሌላ ወደብ አንዲት ጠላቂ ይዞ መጣ። አብረው ወርደው ሞተሩን በገመድ አስረው አወጡት። እስካሁንም ስትችል እየመጣች አብራው ትወርዳለች።

ሳትመጣ ስትቀር ግን ገመዱ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ጥቅሉን ተሸክሞ መጣና እግሬ ስር አወረደው።

«ጨርቁ ላልቷል። በደንብ ስፊው።»

መርፌዬን አነሳሁ። «የት ላይ?»

ከአሥራ አምስቱ ወደ ላይ ይላል ወይስ ወደ ታች፣ እጄን አቁሜ ጠበቅኩ። ልጃችን የገመዱን ጫፍ ይዛ እየሳበች ነው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«እዚያው» አለ። «የነበረበት።»

በድርብ ክር ሰፋሁት።