ጌጥነሽ ደሴት ልትገባ ነው

ቡሬ ላይ ጌጥነሽ ይርሳውን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ በርበሬ የማይበላ ነው፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መጋዘኗ በር ላይ ተቀምጣ፣ ገበሬው ጆንያውን ከአህያው ሳያወርድ በርበሬው ውኃ የተረጨ መሆን አለመሆኑን ከሽታው ብቻ ትናገራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግዱን ብቻዋን ይዛዋለች። አንዳንዶች እሱ በሕይወት ሳለም ብቻዋን ነበር የያዘችው ይላሉ፤ ሰውየው ግን ደግ ስለ ነበር ይህን እንተወው።

ልጅ አልወለደችም። ያሳደገቻት ልጅ ግን አለች፤ ሥርጉት ትባላለች። ሥርጉትን የወለደቻት የጌጥነሽ ታናሽ እህት እህተ ማርያም ናት፤ የምትኖረው ጅጋ ነው። እህተ ማርያም ልጆች በላይ በላዩ ሲመጡባት፣ ጌጥነሽ ደግሞ ቤቷ ጭር ሲልባት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሕፃኗን ለጌጥነሽ ሰጠ። በአገሩ ያለ ነገር ነውና ማንም አልተገረመም። ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። ጌጥነሽ ልጅቷን "አክስትሽን ሰላም በያት" እያለች አሳደገቻት። እህተ ማርያም ለጥየቃ በመጣች ቁጥር ልጅቷ ጉልበቷን ስማ "አክስቴ" ትላታለች። እህተ ማርያም ይህን ብዙ ዘመን ዋጠችው። አንድ የማኅበር ቀን ግን፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ "አክስትሽ አይደለሁም! እኔ ነኝ የወለድሁሽ!" ብላ ጮኸች። ሥርጉት ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አልተነጋገሩም። ለቅሶ ላይ ሲገናኙ እንኳ አንዷ ከድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ትቀመጣለች፤ ሐዘንተኛው መሐል ላይ ሆኖ ሁለቱንም ያጽናናል።

ሥርጉት አድጋ የሆቴል ሙያ ተማረች፤ ሥራ አገኘሁ ብላም ዛንዚባር ገባች። ዛንዚባር በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ጌጥነሽ ስለ ቦታው የምታውቀው ቅርንፉድ እንደሚበቅልበትና ልጇ እንደምትኖርበት ብቻ ነው። ካየቻት ብዙ ክረምት አልፏል። ናፍቆቱ ጠናባት፤ ገበያ ላይ ጠይም ቀጭን ልጅ ባየች ቁጥር ሚዛኑን ትታ ትቆማለች።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ፤ ነገሩም በእርግጥ ነጥብ ነው። ጌጥነሽ የምትጠቀምበት ባንክ፣ ደንበኛው በካርድ ወይም በስልክ በከፈለ ቁጥር ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም ዕቃ ይገኝበታል፤ ጃንጥላ፣ ፔርሙስ፣ የባንኩ ስም የተጻፈበት የግድግዳ ሰዓት። የቡሬ ነጋዴ ሁሉ ጃንጥላ ወስዷል፤ ክረምት ሲገባ ከተማው በሙሉ የባንኩ ሠራተኛ ይመስላል። ደረሰ የሚባለው የባንኩ ወጣት ግን ለመጣው ሁሉ አንድ ምክር ነበረው፤ "ጃንጥላ አትውሰዱ።" ነጥቡ ወደ አየር መንገድ ይተላለፋል፤ እዚያ ማይል ይሆናል፤ በማይሉ ቲኬት ይቆረጣል። ቀኑ አስቀድሞ ከተያዘ፣ ቱሪስት በማይበዛበት ወር ከሆነ ደግሞ፣ በትንሽ ነጥብ ሩቅ ይኬዳል። ነጋዴው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ "ላም አለኝ በሰማይ" ይልና ጃንጥላውን ይዞ ይሄዳል።

ጌጥነሽ ብቻ ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጨውም፣ ለሳሙናም፣ ለዕድር መዋጮም በስልኳ መክፈል ጀመረች። ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበል ባለ ሱቅ ካጋጠማት ዕቃውን መልሳ አስቀምጣ ትወጣለች። ኔትወርክ የጠፋባቸው ወራት መጡና ሁሉም ወደ ብር ኖቱ ተመለሰ፤ ነጥቧም ባለበት ቆመ። ኔትወርኩ ሲመለስ ካቆመችበት ቀጠለች።

"እትዬ ጌጤ፣ ያስተውሉ" አላት ደረሰ፤ "አንዴ ወደ አየር መንገዱ ካስተላለፍነው ተመልሶ ወደ ባንክ አይመጣም።"

"በርበሬም ከተፈጨ ተመልሶ ዛላ አይሆንም" አለችው።

በጥር ሥርጉት ደወለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ በግንቦት መጨረሻ ትወልዳለች። "ግን ማማ፣ ሳልገላገል ለማንም እንዳትነግሪ" አለቻት። ጌጥነሽ በሚካኤል ማለች። በማግሥቱ ባንክ ሄዳ ነጥቧን አስተላለፈች። ደረሰ ኮምፒውተሩን አይቶ "ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዛንዚባር፤ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው ሞልቷል። የሚሄዱበትን ቀን አስበው ይምጡና ወንበሩን እንያዝ" አላት።

እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ጎረቤቷ አቻምየለሽ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘቻት።

"ምነው እቴ፣ ፊትሽ በራ?"

"ነጥቤ ሞላልኝ" አለች ጌጥነሽ፤ ደስታ አፏን ከፍቶት ነበር።

"የምን ነጥብ?"

ጌጥነሽ መሐላዋ ትዝ አላት። መዋሸትም አልፈለገችም፤ ከቤተ ክርስቲያን ገና መውጣቷ ነው። "ደሴት ልሄድ ነው" ብቻ አለች።

ጎጃም ውስጥ ደሴት ማለት ጣና ነው። ደሴት የሄደ ሰው ወይ ተሳልሞ ይመለሳል፣ ወይ ቆብ ደፍቶ ይቀራል። ባሏ የሞተባት፣ ያልወለደች ሴት ፊቷ በርቶ "ነጥቤ ሞላልኝ፤ ደሴት ልሄድ ነው" ካለች አቻምየለሽ ምን ብላ ትረዳው? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። አቻምየለሽ ወሬ ጨመረችበት።

ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ጧፍ ይዞ፣ አንዷ ሽምብራ ቆልታ፣ ሌላው መቋሚያ ገዝቶ። ሁሉም "በጸሎትሽ አስቢኝ" እያለ የክርስትና ስሙን ይነግራታል፤ ጌጥነሽም "እሺ" ትላለች። የንስሐ አባቷ ቄስ ስመኘው ሳይሰሙ በመቅረታቸው ቅር ብሏቸው መጡ።

"የትኛው ደሴት ነው የምትገቢው? አንዳንዱ ሴት አያስገባም እኮ።"

"ይኸኛው ያስገባል አባቴ፤ አስጠይቄያለሁ" አለቻቸው።

ዋነኛ ተፎካካሪዋ ቸኮለ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። "ያ የአምና ጭነት... ውኃ ረጭቼበት ነበር። ይፍቱኝ" አላት።

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ያኔውኑ አውቄ ከዋጋው ቀንሼልህ ነበር።"

ለምን እውነቱን አልተናገረችም? ብትናገር የሥርጉት ምሥጢር ይወጣል። ደግሞም፣ እንዳንዋሽ፣ የቡሬ ሰው እንዲህ ባለ ለስላሳ አንደበት አናግሯት አያውቅም ነበር፤ ነገሩ ጣማት።

በዚህ መሐል ነው እህተ ማርያም ከጅጋ የመጣችው። በሶ በከረጢት ቋጥራ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ጌጥነሽ "ግቢ" አለች። ገባችና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። አርጅታለች።

"ከዓለም ልትለዪ ነው አሉኝ" አለች እህተ ማርያም። "ሳትለዪ ይቅር ልልሽ መጣሁ። ቆብም ሞት ነው፤ ፍታት ይፈታበት የለ? ከሞትሽ ወዲያ ከምል በቁምሽ ይሻላል አልሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"አንድ ነገር ብቻ ስጪኝ። አንቺ ስትመንኚ ልጅቱ ሰው ያስፈልጋታል። ስልኳን ስጪኝ። እናቴ ባትለኝም ግድ የለም፤ ድምፄን ብቻ ትልመደው።"

ጌጥነሽ ብዙ ጆንያ ተሸክማ ታውቃለች፤ እንዲህ የከበዳት አልነበረም። ዝም ብላ ልትቀበለው ፈልጋ ነበር፤ ይቅርታውን ለዘመናት ጠብቃዋለች። ግን በሌላ ሰው ስም የተላከ ዕቃ እንደ መውሰድ ሆነባት።

"እህተ ማርያም፣ የምሄደው ጣና አይደለም።"

"ዝዋይ ነው?"

"ዛንዚባር።"

"የማን ታቦት ነው ያለበት?"

"ታቦት የለበትም። ባሕር ነው። ሆቴል አለበት።"

"ሆቴል ነው የምትመነኩሺው?"

"ሥርጉት ያለችው እዚያ ነው። ሚካኤል ይቅር ይበለኝና፣ ነፍሰ ጡር ናት። ላርሳት ነው የምሄደው።"

እህተ ማርያምን፣ ልጇ ማርገዟን ከሌላ ሰው አፍ መስማቷ ይሁን፣ አያት ልትሆን መሆኗ፣ የቱ እንደ መታት ከፊቷ አይነበብም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

"እኔ ይቅር ያልሁት መነኩሲቷን ነው" አለች። "አንቺን አይደለም።" በሶዋንም ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ ሥርጉት ደወለች። ድምጿ ፍርሃት ነበረበት፤ ጌጥነሽ አለመውለዷን እንኳ ያስረሳት ፍርሃት።

"ማማ፣ ምጥ እንዴት ነው?"

"ማርያም ትቀርብሻለች።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ሕመሙን ነው የምጠይቅሽ። ከወገብ ነው የሚጀምረው? መምጣቱ በምን ይታወቃል? አንቺ ስትመጪ ትነግሪኛለሽ አይደል?"

"ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ብላ ጌጥነሽ ዘጋችው። ያን ቀን ኔትወርኩ ከወትሮው ሁሉ ደህና ነበር።

አፈረች። ይህን ልጅ ከኩፍኝ አውጥታለች፣ ፀጉሯን ሠርታለች፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ጠብቃታለች። እናት የምታደርገውን ሁሉ አድርጋለች፤ ከአንዱ በቀር። ልጅቷ አሁን የምትለምናት ደግሞ ያንኑ አንዱን ነው። እሷ ብትሄድ ዓይኗን ታያለች፣ ናፍቆቷን ትወጣለች፤ ምጡ ሲመጣ ግን ከልጅቷ እኩል ትደነግጣለች። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ሐሳብ ልትሸሽ ብትሞክር አልሆነላትም።

ባንክ ሄደች።

"ቀኑን ወሰኑ?" አላት ደረሰ።

"ወሰንሁ። ስሙ የሌላ ሰው ቢሆንስ?"

"ማይሉ የእርስዎ ነው፤ ወንበሩን ለፈለጉት ሰው መያዝ ይችላሉ። ግን ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ስም አይቀየርም።"

"እህተ ማርያም ይርሳው በል። ፓስፖርት አላት፤ ኢየሩሳሌም ልሳለም ብላ አውጥታ ሳትሄድ ቀርታለች።" ለዓመታት ያላናገረቻትን የእህቷን ኑሮ ከሰው እየጠየቀች ትከታተል እንደ ነበር ደረሰ በምን ይወቀው።

"እርስዎስ እትዬ ጌጤ?"

"ለሁለት ይበቃል?"

ደረሰ እንደገና አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "አይበቃም።"

"እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ጻፈው።"

ከባንክ ወጥታ በቀጥታ ሚኒባስ ያዘች፤ በፍኖተ ሰላም አልፋ ጅጋ ወረደች። እህተ ማርያም ግቢዋ ውስጥ በቆሎ ታሰጣ ነበር።

"መነኩሲቷ መጣች" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ወንበሩ በስምሽ ተይዟል" አለች ጌጥነሽ፣ በር ላይ እንደ ቆመች። "ግንቦት ሲገባ ነው። ለልጅሽ ሂጂላት።"

የእህተ ማርያም እጅ በቆሎው ላይ እንዳለ ቀረ። "ልጅሽ" የሚለውን ቃል ከዚህ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

"አንቺስ?"

"እኔ ምጥ አላውቅም።"

ይህን ለባሏም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ለማንም ብላው አታውቅም። ብላው እንደ ጨረሰች እንባዋ መጣ፤ አልሸሸገችውም። እዚያው በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከልቧ አለቀሰች። እህተ ማርያም በቆሎውን ትታ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ዶሮዎቹ ስጡ ላይ ወጥተው መልቀም ጀመሩ፤ የሚከላከላቸው አልነበረም።

"በምን ዓይኔ እንደማያት ጨንቆኛል" አለች እህተ ማርያም በመጨረሻ። "ገንፎውን አገነፋለሁ፤ ወገቧን አሻለሁ፤ ይኸን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ይዤ ነው ፊቷ የምቀመጠው?" ወደ ጌጥነሽ ዞረች። "ልጅሽ ምን ትወዳለች?"

ጌጥነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከሥርጉት ሕፃንነት ተነሥታም አንድ በአንድ ትነግራት ጀመር።