ስም ያልተጻፈባቸው ብልቃጦች

ከዲቁና ወደ ላቦራቶሪ ሙያ ስሻገር ይዤው የመጣሁት ስንቅ የቃል ትምህርቴ ነበር። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ የያዝኩ ሰው የሁለት ሕሙማንን ስም መያዝ ምን ያቅተኛል በማለት፣ ደም ስቀዳ ስማቸውን አልጋቸው አጠገብ አልጽፍም ነበር፤ የአንዱን ብልቃጥ በቀኝ፣ የሌላውን በግራ ኪሴ አድርጌ እመለሳለሁ። ተማሪዎቼን ግን «እዚያው አልጋው ጋ ጻፉ» እያልኩ እገሥጽ ነበር።

ዘመነ ደርግ ነው፤ ሐዋሳ። የሆስፒታላችን ካድሬ ስሕተትን ሁሉ «አሻጥር» ይለዋል። በዚያው ሰሞን አንድ የመድኃኒት ቤት ባልደረባችን መድኃኒት አሳስቶ በመስጠቱ ተወስዶ አልተመለሰም ነበር።

አንድ ረፋድ ከቡሹሎ የመጣች ወላድ ደም እየፈሰሳት ገባች። ከእርሷና ከጎኗ ከተኛችው ሴት ደም ቀድቼ ተመለስኩ፤ ስማቸውንም ጠረጴዛዬ ላይ ጻፍኩ። ተማሪዬ፣ ቁጥብ የሲዳማ ልጅ፣ የደሙን ዓይነት መርምራ ከማቀዝቀዣው ተስማሚውን አወጣች፤ ደሙን ልትወስድ ለመጣችው ነርስ ግን አላስረከበችም።

«ጋሼ፣ ስሙን የጻፉት እዚያ አልጋው ጋ ነው ወይስ እዚህ?»

ካድሬው በሩ ላይ ቆሟል።

«እዚያ ነው» አልኩ።

«በቀይ ነው የተጻፈው። ቀይ እስክሪብቶ ያለን ይሄ ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰረው ብቻ ነው።»

«እናንተ ስትከራከሩ ሴትዮዋ አለቀች! አምጪው ባክሽ!» ብላ ነርሷ ደሙን ነጥቃ ወጣች።

የእርምጃዋ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ወላዷን በየትኛው ኪሴ ይዣት ነበር? ትዝ አላለኝም። ዳዊቱ ሁሉ ነበረኝ፤ ያቺ አንዲቱ ግን አልነበረችኝም።

ሮጥኩ። «ሲስተር፣ እንዳትሰጪያት! ዋሽቻለሁ፤ እዚህ ነው የጻፍኩት!»

መርፌውን ልትሰካ ስትል ደረስኩ። ዳግመኛ ቀዳሁ፤ ተማሪዬም እዚያው አልጋው አጠገብ ስሙን ጻፈችበት። ውጤቱ ሌላ ዓይነት ሆነ። ትክክለኛው ደም ተሰጣት፤ ሴትዮዋ ተረፈች።

«ጓድ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ ካድሬው።

«ትዕቢት ይባላል።»

«እሱን ግምገማ ላይ ታስረዳለህ።»

እስር ስጠብቅ፣ በግምገማው ሦስት ወር ብልቃጥ እንዳጥብ ተፈረደብኝ፤ ተማሪዬ በወንበሬ ተቀመጠች። «እዚያ ነው» ያልኳትን ያቺን ቃል ለንስሐ አባቴ ለመናገር ግን ከሦስት ወር በላይ ፈጀብኝ።